የደን ሰርተፊኬትና ነባር ሕዝቦች፦ የሚባለውና እውነታው

በወረቀትና በእንጨት ዕቃዎች ላይ ኤፍኤስሲ የሚል አርማ ይታያል። ይህ፣ እንጨቱ በአግባቡ ከተያዘ ደን መምጣቱን የሚመሰክር የደን ሰርተፊኬት ሥርዓት በ1993 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ሲሆን ሦስተኛው መርሑ ስለ ነባር ሕዝቦች፣ ማለትም በቦታው ከጥንት ጀምሮ ስለኖሩ ሕዝቦች፣ መብት ነው። ስለ እሱ በስህተት ከሚነገሩት ጥቂቶቹን እንይ።

«ሰርተፊኬት ያለው ደን አይቆረጥም»
ይቆረጣል። የሚጠየቀው ደኑ ራሱን በሚተካበት መጠንና መንገድ እንዲቆረጥ ነው።

«ነባር ሕዝቦች የእንጨት ንግድ አያውቁም»
በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት የሚኖሩት ሜኖሚኒዎች የራሳቸው የእንጨት መሰንጠቂያ አላቸው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እየቆረጡ ይሸጣሉ፤ ደናቸው ግን ዛሬም ጥቅጥቅ ያለ ነው።

«ስብሰባ ተጠርቶ ፊርማ ከተሰበሰበ ፈቃድ ተገኝቷል»
ከሁሉም የሚጎዳው ይህ ነው። መርሑ የሚጠይቀው ነባር ሕዝቦቹ ያለ ጫና፣ መጋዝ ወደ ደኑ ሳይገባ በፊት፣ የሚሆነውን በሚገባ አውቀው የሚሰጡትን ፈቃድ ነው። «እምቢ» ማለትም መልስ ነው። ማንበብ ለማያውቅ ሰው ደግሞ የፊርማ ወረቀት ምን ይነግረዋል? በሰሜናዊ ኮንጎ ሪፐብሊክ የሚኖሩት ምቤንጄሌዎች አብዛኞቹ ፊደል አልቆጠሩም። ሳፔሊ የተባለው ዛፍ ደኑን ለሚቆርጠው ኩባንያ ውድ እንጨት ነው፤ ለእነሱ ግን ለምግብ የሚሆን አባጨጓሬ የሚለቅሙበት ነው። ስለዚህ በጽሑፍ ፋንታ ሥዕል ያለበት የእጅ መሣሪያ ተዘጋጀላቸው። ደኑን እየዞሩ፣ እንዳይነካባቸው የሚፈልጉት ዛፍ ሥር ሲደርሱ ሥዕሉን ይጫናሉ፤ መሣሪያው ቦታውን በሳተላይት ይመዘግባል። ቆራጮቹ የማይነኩትን ዛፍ የሚያውቁት ከዚያ በሚወጣው ካርታ ነው። ምክክር ማለት እንዲህ ያለው ነው፤ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ብቻውን አይደለም።

«ሰርተፊኬቱ የመሬት ባለቤትነት ይሰጣል»
አይሰጥም። በፈቃደኝነት የሚገባበት ሥርዓት እንጂ ሕግ አይደለም። በስዊድን ሰርተፊኬት ያለው ኩባንያ ከመቁረጡ በፊት አጋዘን አርቢዎቹን ሳሚዎች ማማከር አለበት፤ ምክንያቱም መንጋው በክረምት ከአሮጌ ዛፎች ላይ የሚንጠለጠል ላይከን የተባለ የዛፍ ሽበት ይመገባል። መሬቱ ግን የኩባንያው እንደሆነ ይቀራል።

«አንዴ ከተሰጠ አይነሳም»
ሰርተፊኬቱ የሚያገለግለው ለ5 ዓመት ነው፤ በየዓመቱ ይፈተሻል፣ ሊታገድም ይችላል። ችግሩ ለፈታሹ የሚከፍለው ተፈታሹ ኩባንያ መሆኑ ነው። የፍተሻው ማጠቃለያ ለሕዝብ ይፋ ስለሚሆን፣ ፈታሹ ከነዋሪዎቹ እነማንን እንዳነጋገረ የሚለውን ክፍል አስቀድሞ ማየት ይበጃል።