ኤሌክቶራል ኮሌጅ፦ የሚወራው እና ሕጉ የሚለው

ኤሌክቶራል ኮሌጅ አሜሪካውያን ፕሬዚዳንታቸውን በቀጥታ ሳይሆን ኤሌክተር በሚባሉ፣ በየግዛቱ በሚሰየሙ መራጮች በኩል የሚመርጡበት ሥርዓት ነው። የአሜሪካ ምርጫ በደረሰ ቁጥር ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አዲስ አበባ ቡና ላይ የማይጠፉ፣ ግማሽ እውነት ይዘው የሚዞሩ አባባሎች አሉ። ዋና ዋናዎቹን እናንሳ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«አንድ ቦታ የሚሰበሰብ ጉባኤ ነው»

ሕንፃ የለውም፣ ሊቀ መንበርም የለውም። ያሉት 538 ኤሌክተሮች ናቸው፦ ለተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች 435፣ ለሴኔት 100፣ በ1961 የጸደቀው 23ኛው ማሻሻያ ለዋሽንግተን ዲሲ የሰጣት 3። ለማሸነፍ 270 ያስፈልጋል። 538ቱ ሰዎች አንድ ላይ ተገናኝተው አያውቁም። በዲሴምበር፣ ከሁለተኛው ረቡዕ ቀጥሎ ባለው ማክሰኞ፣ እያንዳንዱ ቡድን በየግዛቱ ይገናኛል። ለፕሬዚዳንቱና ለምክትሉ ለየብቻ ድምፅ ይሰጣል፣ ስድስት የምስክር ወረቀት ይፈርማል፣ ይበተናል። ሕገ መንግሥቱን የጻፉት ሰዎች የለያዩአቸው ሆን ብለው ነው፤ በአንድ ቀን ተበታትኖ የሚመርጥ ሰው ለሤራና ለጉቦ አይመችም።

«አሸናፊው ሁሉንም ይውሰድ የሚለው ሕገ መንግሥቱ ነው»

ከሁሉም ሥር የሰደደው ስሕተት ይህ ነው። ሕገ መንግሥቱ የሚለው ኤሌክተሮቹ የግዛቱ ምክር ቤት በደነገገው መንገድ ይሰየማሉ ብቻ ነው። ሁሉንም ለአንድ ሰው የሚያስረክበው የ48 ግዛቶችና የዲሲ የራሳቸው ሕግ ነው። ሜን ከ1972 ጀምሮ፣ ኔብራስካ ከ1992 ጀምሮ በሌላ መንገድ ይሄዳሉ፤ ለሴኔት መቀመጫዎች የሚሰጡትን ሁለቱን ኤሌክተር በግዛቱ ጠቅላላ ውጤት፣ የቀሩትን በየምርጫ ወረዳው ይሰጣሉ።

ልዩነቱን ለማየት ቨርጂኒያን እንውሰድ። በ2024 ካማላ ሃሪስ 52 በመቶ ገደማ፣ ዶናልድ ትራምፕ 46 በመቶ ገደማ አገኙ፤ 13ቱም ኤሌክተሮች ግን ለሃሪስ ሄዱ። በመቶኛ ቢከፋፈል 7 ለ 6 ይሆን ነበር። ታዲያ ለምን አይከፋፈልም? ምክር ቤቱን የያዘው ፓርቲ ስድስት ድምፅ በነጻ ለተቀናቃኙ እንደሰጠ ስለሚቆጠር ነው። ጎረቤት ግዛት ሳይቀይር ብቻውን የሚቀይር ይከስራል።

የሜንን መንገድ ሁሉም ይከተል የሚሉም አሉ፤ እኛ አንመክርም። የወረዳ ካርታ የሚሥለው በአብዛኛው ግዛት በሥልጣን ላይ ያለው ፓርቲ ስለሆነ፣ እስካሁን ለምክር ቤት መቀመጫ ሲባል የሚጣመመው ካርታ ፕሬዚዳንቱንም መምረጥ ይጀምራል። የ2012 ምርጫ በዚህ መንገድ ተቆጥሮ ቢሆን፣ በሕዝብ ድምፅ የተሸነፈው ሚት ሮምኒ ፕሬዚዳንት ይሆን ነበር።

«የተፈጠረው ትናንሽ ግዛቶችን ለመጠበቅ ነው»

ከፊሉ እውነት ነው። ነገር ግን በ1787 ሕገ መንግሥቱ በተረቀቀበት የፊላዴልፊያ ጉባኤ ላይ ሌሎች ጭንቀቶችም ነበሩ። ኮንግረስ ይምረጥ ቢባል ፕሬዚዳንቱ የኮንግረስ ሎሌ ይሆናል፤ ሕዝቡ ይምረጥ ቢባል የደቡቡ ሰው የሰሜኑን ዕጩ አያውቀውም። ሦስተኛው ባርነት ነው። ከሕገ መንግሥቱ ዋና አርቃቂዎች አንዱ የሆነው ጄምስ ማዲሰን ራሱ በጉባኤው ላይ፣ ሕዝቡ በቀጥታ ከመረጠ ደቡብ በባሪያዎቹ ምክንያት ተሰሚነት አይኖረውም ብሎ ተናግሯል። ባሪያው አይመርጥም፤ ለመቀመጫ ሲቆጠር ግን እያንዳንዱ ባሪያ እንደ ሦስት አምስተኛ ሰው ይቆጠር ነበር። በኤሌክተር በኩል ሲመጣ ይህ ቁጥር ወደ ፕሬዚዳንቱ ምርጫም ገባ። ዋናዋ ተጠቃሚ ቨርጂኒያ፣ የዚያን ጊዜዋ ትልቋ ግዛት፣ ከመጀመሪያዎቹ 36 የፕሬዚዳንት ዓመታት ውስጥ 32ቱን አገሪቱን በራሷ ልጆች አስገዛች።

ዛሬስ? በወረቀት ላይ ትንሿ ታተርፋለች። ዋዮሚንግ ውስጥ አንድ ኤሌክተር ለ192 ሺህ ሰው ገደማ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ለ730 ሺህ ገደማ ይደርሳል። ዕጩዎቹ ግን ዋዮሚንግ ድርሽ አይሉም። የሚመላለሱት ውጤቷ ወዲያም ወዲህም ሊሆን የሚችለው፣ 19 ኤሌክተር ያላት ፔንሲልቬንያ ነው። በ2020 ጆ ባይደን በአገር ደረጃ በ7 ሚሊዮን ድምፅ ቢመራም፣ አሪዞና፣ ጆርጂያና ዊስኮንሲን ላይ የነበረው ብልጫ ተደምሮ 43 ሺህ አይሞላም። ሦስቱን ቢያጣ ውጤቱ 269 ለ 269 ነበር።

«ዜጋ ያልሆነ ሰው እዚህ ውስጥ የለበትም»

ግሪን ካርድ ያለው ሰው መምረጥ አይችልም፤ ቢመርጥ ወንጀል ነው፣ ከአገር ሊያስባርርም ይችላል። ሲቆጠር ግን ይቆጠራል። የየግዛቱ የኤሌክተር ብዛት የሚወሰነው በየ10 ዓመቱ በሚደረገው ቆጠራ ነው፤ ቆጠራው ደግሞ ዜግነት አይለይም። በ2020 ቆጠራ ኒው ዮርክ አንድ መቀመጫ ያጣችው በ89 ሰው ነው። የመጨረሻው መቀመጫ ብዙ ኢትዮጵያውያን ለሚኖሩባት ሚኒሶታ ደረሰ። የቆጠራ ፎርም ሲመጣ «እኛን አይመለከትም» ብሎ የሚጥል ቤተሰብ ይህን ቁጥር ያስብበት።

«ኤሌክተሩ ልቡ የፈቀደውን ይመርጣል»

አልፎ አልፎ ሆኗል፤ በ2016 ሰባት ኤሌክተሮች የፓርቲያቸውን ዕጩ ለመምረጥ ከገቡት ቃል ወጥተዋል። በጁላይ 2020 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግዛቶች ኤሌክተሩን በቃሉ ማስገደድ እንደሚችሉ በሙሉ ድምፅ ወሰነ።

«270 ያገኘ ከሌለ ምርጫው ይደገማል»

አይደገምም። የተወካዮች ምክር ቤቱ ከሦስቱ ቀዳሚዎች አንዱን ይመርጣል፤ እያንዳንዱ ግዛት፣ ካሊፎርኒያም ዋዮሚንግም፣ አንድ ድምፅ ብቻ አለው። 26 ያገኘ ያሸንፋል። ዲሲ ምንም የላትም። ምክትሉን ሴኔቱ ስለሚመርጥ ፕሬዚዳንቱና ምክትሉ ከተለያየ ፓርቲ ሊሆኑ ይችላሉ። በ1824 አንድሩ ጃክሰን አንደኛ ወጥቶ ሳለ ምክር ቤቱ ጆን ኩዊንሲ አዳምስን የመረጠው በዚህ መንገድ ነው።

«ኢትዮጵያም እንዲሁ ነው የምትመርጠው»

በተዘዋዋሪ መሆኑ ብቻ ያመሳስላቸዋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 70 መሠረት የኢትዮጵያን ፕሬዚዳንት የሚመርጡት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ፣ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው። የአስፈጻሚው ሥልጣን ያለው ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋ ስለሆነ ንጽጽሩ ሩቅ አይሄድም።

«ለመለወጥ ሕገ መንግሥቱ ካልተሻሻለ አይሆንም»

ኤሌክቶራል ኮሌጅን ጨርሶ ለመሰረዝ፣ አዎ፦ የሁለቱ ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ፣ ከዚያ የ38 ግዛቶች ይሁንታ። በ1969 የተወካዮች ምክር ቤቱ ቀጥተኛ ምርጫን 338 ለ 70 አሳልፎት ነበር፤ በ1970 ሴኔት ውስጥ ድምፅ እንዳይሰጥበት ንግግር በማርዘም ተቀበረ።

ሌላው መንገድ በግዛቶቹ እጅ ባለው ሥልጣን ይጠቀማል። አባል ግዛቶች ኤሌክተሮቻቸውን በአገር ደረጃ ብዙ ድምፅ ላገኘው ዕጩ ለመስጠት በሕግ ይስማማሉ፤ ስምምነቱ የሚሠራው የአባላቱ ድምር 270 ሲደርስ ነው። መጀመሪያ የገባችው ሜሪላንድ ናት፣ በ2007። ሜን በ2024 ስትገባ ድምሩ 209 ደረሰ።

ችግሮቹ ቀላል አይደሉም። የኮንግረስ ፈቃድ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለው ክርክር ገና ፍርድ ቤት አልፈታውም። ልዩነቱ ጠባብ ቢሆን መላ አገሪቱን ድጋሚ የሚቆጥር አካልም የለም። የሸሪክ መክዳት ግን ታስቦበታል፦ ፕሬዚዳንቱ የሥራ ዘመኑን ሊጨርስ ስድስት ወር ሲቀረው፣ ማለትም ከጁላይ 20 በኋላ፣ ልውጣ የሚል ግዛት አዲሱ ፕሬዚዳንት እስኪታወቅ ድረስ መውጫው አይጸናለትም።