ኡካዝ ምንድን ነው?

ኡካዝ የሩሲያ ቃል ነው። ገዥው በራሱ ፊርማ የሚያወጣው ትእዛዝ ማለት ነው። የመጣው «ኡካዛት» ከሚለው ግስ ነው፤ ማመልከት፣ ማሳየት እንደ ማለት። ሩሲያውያን ሌባ ጣትን የሚጠሩበት ስምም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው።

በዛሮቹ (በሩሲያ ነገሥታት) ዘመን ኡካዝ ሕግ ነበር። ዛሩ ከፈረመ አለቀ፤ እስከ 1906 ድረስ የሚያጸድቀው ፓርላማ አልነበረም። እስኪ የዛሩን የታላቁ ጴጥሮስን ኡካዞች እንይ (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እስከ 1699 ድረስ የሩሲያ ዘመን መለወጫ ሴፕቴምበር 1 ላይ ነበር። ዓመቱም እንደ እኛ ባሕረ ሐሳብ ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ ይቆጠር ነበር። 7208 ላይ ደርሰው ነበር። በዚያው ዲሴምበር ጴጥሮስ ኡካዝ አወጣ። ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ዓመቱ 1700 ይባል፣ ሰውም ደጁን በጥድ ቅርንጫፍ ያስጊጥ አለ። 7208 ገና በአራት ወሩ ተቀጨ። በ1705 ደግሞ ጢም ላይ መጣ፦ ወይ ተላጭ፣ ወይ ግብር ክፈል። የከፈለ ሰው የመዳብ ምልክት ይሰጠው ነበር፤ የጢም ደረሰኝ በሉት። ቀሳውስትና በመንደራቸው ያሉ ገበሬዎች ግን ነፃ ነበሩ።

ቃሉ ወደ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ሲሻገር ግን ጠባዩ ተለወጠ። እዚያ አለቃ ያለ ምክክር ከላይ ሲጭን «ኡካዝ አወረደብን» ይባላል። ወቀሳ ነው። በዲፕሎማሲ ታሪክም አንድ ስመ ጥር ኡካዝ አለ። በ1821 ዛር ቀዳማዊ አሌክሳንደር ከአላስካ ቁልቁል እስከ 51ኛው ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ያለውን የሰሜን አሜሪካ ጠረፍ የእኔ ነው አለ፤ የውጭ መርከብ ከጠረፉ 100 የጣሊያን ማይል (185 ኪሎ ሜትር ያህል) ውስጥ እንዳይገባም ከለከለ። አሜሪካና ብሪታንያ አሻፈረን አሉ። በ1824 እና በ1825 በተፈረሙ ውሎች ሩሲያ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

በሩሲያ በራሷ ግን ቃሉ ዛሬ ደረቅ የቢሮ ቃል ነው። አምባሳደር ሲሾም፣ ሜዳሊያ ሲሰጥ፣ እስረኛ በይቅርታ ሲፈታ የሚወጣው ወረቀት ኡካዝ ይባላል። በ1993ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 መሠረት የፕሬዚዳንቱ ኡካዝ በመላ አገሪቱ ይሠራል፤ ከሕገ መንግሥቱና ከፌዴራል ሕጎች ጋር ግን መጋጨት የለበትም። ይህ ሕገ መንግሥት ራሱ የመጣው ከአንድ ኡካዝ ጣጣ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ፕሬዚዳንቱ ቦሪስ የልሲን በኡካዝ ቁጥር 1400 ፓርላማውን በተነ። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ሕገ ወጥ ነው አለ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ታንክ የፓርላማውን ሕንፃ ደበደበ፤ አዲሱ ሕገ መንግሥት በዲሴምበር ጸደቀ።

ለዜና ተርጓሚ አንድ ነገር ልበል። ኡካዝን «አዋጅ» ማለት ያሳስታል። ዛሬ በእኛ አገር አዋጅ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ሩሲያውያን ፓርላማ ላወጣው ሕግ «ዛኮን» የሚል ሌላ ቃል አላቸው። ለኡካዝ «ፕሬዚዳንታዊ ድንጋጌ» ይሻላል።