ብላይንድ ፌይዝ፦ ዓመት ያልሞላው የሮክ ባንድ

ብላይንድ ፌይዝ እ.ኤ.አ. በ1969 በእንግሊዝ ተመሥርቶ በዚያው ዓመት የፈረሰ የሮክ ባንድ ነው። አባላቱ ጊታሪስቱ ኤሪክ ክላፕተን፣ ድምፃዊና ኦርጋን ተጫዋቹ ስቲቭ ዊንውድ፣ ድራመሩ ጂንጀር ቤከር፣ እንዲሁም ቤዝ ጊታርና ቫዮሊን የሚጫወተው ሪክ ግሬች ነበሩ። በየፊናቸው ስም ያወጡ ሙዚቀኞች ተሰባስበው የሚያቋቁሙት ባንድ «ሱፐርግሩፕ» ይባላል፤ ብላይንድ ፌይዝም በዚህ ስም ከተጠሩት ቀደምቶች አንዱ ነው። ያወጣው አልበም አንድ ነው፤ በአልበሙ ላይ ያሉት ዘፈኖችም ስድስት ብቻ ናቸው። (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከክሪም መፍረስ ነው። ክላፕተንና ቤከር ከቤዝ ተጫዋቹ ከጃክ ብሩስ ጋር የነበሩበት ይህ ባንድ በኖቬምበር 1968 ለንደን በሚገኘው ሮያል አልበርት ሆል ተሰናበተ። ቤከርና ብሩስ አይስማሙም ነበር፤ ክላፕተንም በሁለቱ ጠብና ማለቂያ በሌለው የሶሎ (የነጠላ ጨዋታ) ፉክክር ተሰላችቶ ነበር። በዚያው ዓመት «ዘ ባንድ» የተባለው ቡድን ያወጣው የመጀመሪያ አልበም ቁጥብ አጨዋወት ልቡን ስለማረከው እሱም ወደዚያ ማዘንበል ፈለገ። ገና በአፍላ ዕድሜው በስፔንሰር ዴቪስ ግሩፕ ድምፃዊነት የታወቀው ዊንውድም በ1969 መጀመሪያ ትራፊክ ከተባለው ባንዱ ተለያይቶ ነበር። ሁለቱ በርክሻየር ገጠር ውስጥ በነበረው የዊንውድ ቤት እየተገናኙ ያለ ምንም ዕቅድ አብረው መጫወት ጀመሩ።

አንድ ቀን ቤከር መጣ። ዊንውድ ደስ አለው፤ ክላፕተን ግን ከክሪም በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከቤከር ጋር መልሶ መግጠም አልዋጥልህ አለው። በመጨረሻ የዊንውድ ፍላጎት አየለና ቤከር ገባ፤ ግሬችም ፋሚሊ የተባለውን ባንዱን ጥሎ ተቀላቀለ። የባንዱ ዕጣ ፈንታ የተወሰነው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ቤከር ሲጨመር ሕዝቡ አዲስ ባንድ ሳይሆን ሁለተኛ ክሪም ጠበቀ። የዘፈኖቹ ዝግጅት ሳያልቅም አስተዳዳሪዎቹ የአሜሪካ ጉዞ አሰናዱላቸው።

የመጀመሪያው ኮንሰርት ጁን 7 ቀን 1969 በለንደን ሃይድ ፓርክ በነፃ ቀረበ። የታዳሚው ብዛት ወደ 100,000 ይገመታል። የዕለቱን ፊልም ለሚያይ ሰው ክላፕተን ስትራቶካስተር የተባለው ጊታር አንገት የተገጠመለትን ቴሌካስተር ጊታር ይዞ ረጋ ብሎ ሲጫወት፣ ዋናውን ቦታ ለዊንውድ ድምፅ ሲለቅ ይታያል። እኔ ይህን ቁጥብነት እወደዋለሁ፤ እሱ ግን በዝግጅቱ ሳይረካ ነበር ከመድረክ የወረደው። ከዚያ በስካንዲኔቪያ ጥቂት ኮንሰርቶችን አቅርበው ወደ አሜሪካ ተሻገሩ።

የአሜሪካው ጉዞ ጁላይ 12 ቀን በኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ተጀምሮ ኦገስት 24 ቀን በሃዋይ አበቃ። ባንዱ የራሱ ዘፈን ስለሚያጥረው፣ ሕዝቡም የቀድሞዎቹን አምጡ እያለ ስለሚጮህ የክሪምንና የትራፊክን ሥራዎች መጫወት ግድ ሆነበት። ክላፕተን ደግሞ ከራሱ ባልደረቦች ይልቅ መድረኩን ከሚከፍቱላቸው ከባልና ሚስቱ ዘፋኞች ከዴላኒና ቦኒ ጋር ማሳለፍ አበዛ። ጉዞው ሲያልቅ ባንዱም አለቀ።

በጂሚ ሚለር ፕሮዲዩሰርነት የተሠራው አልበም በኦገስት ወጥቶ በብሪታኒያም በአሜሪካም የሽያጭ ሰንጠረዡን መራ። ሽፋኑ ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ከወገብ በላይ ራቁቷን የምትታይበት ፎቶ በመሆኑ ከባድ ተቃውሞ ገጠመው፤ ተቃውሞውም ተገቢ ነበር። በአሜሪካ የባንዱ አባላት ፎቶ ያለበት ሌላ ሽፋን ቀረበ።

ሙዚቃው ግን ዛሬም ሊደመጥ የሚገባው ነው። «ካንት ፋይንድ ማይ ዌይ ሆም» በአኩስቲክ ጊታር ተጀምሮ በአኩስቲክ ጊታር ያልቃል፤ የዊንውድ ቀጭን ድምፅ ከፍ ብሎ ይወጣል፤ በኃይለኛነቱ የሚታወቀው ቤከር እንኳ ድራሙን በለዘብታ ነው የሚነካው። ክላፕተን የደረሰው «ፕረዘንስ ኦቭ ዘ ሎርድ» በኦርጋን እንደ መዝሙር በዝግታ ይጓዝና መሐል ላይ በዋህ ዋህ ፔዳል (የጊታርን ድምፅ በሚለዋውጥ የእግር መርገጫ) የሚጮህ ጊታር በድንገት ሰብሮት ይገባል፤ ከዚያ ወደ ዝግታው ይመለሳል። ለእኔ የአልበሙ ቁንጮ ይህ ነው። በአንጻሩ 15 ደቂቃ የሚፈጀው የቤከር «ዱ ዋት ዩ ላይክ» በአምስት ምት የተሠራና ሶሎ በሶሎ ላይ የሚደራረብበት ነው፤ ክላፕተን ሊሸሸው የፈለገው የክሪም ልማድ ተመልሶ መምጣቱን በግልጽ ያሳያል።

ከዚያ በኋላ ክላፕተን ከዴላኒና ቦኒ ጋር ተጫውቶ በ1970 ዴሪክ ኤንድ ዘ ዶሚኖስን አቋቋመ። ዊንውድ ትራፊክን መልሶ አቆመ፤ ግሬችም ኋላ ተቀላቀለው። ቤከር ኤር ፎርስ የተባለ ትልቅ ባንድ መርቶ ወደ ናይጄሪያ ሄደ፤ ሌጎስ ውስጥ ስቱዲዮ ከፈተ፣ ከናይጄሪያዊው ሙዚቀኛ ከፌላ ኩቲ ጋርም ተጫወተ። ግሬች በ1990፣ ቤከር በ2019 አርፈዋል። ክላፕተንና ዊንውድ በፌብሩዋሪ 2008 በዚያው በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ለሦስት ምሽቶች አብረው ሲጫወቱ የብላይንድ ፌይዝን ዘፈኖች አቅርበዋል፤ ቅጂው በ2009 በአልበም ወጥቷል።