ደኑ የማን ነው? የኢትዮጵያ የደን ፖሊሲ ጉዞ

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ታወጀ። ሰፋፊ ደኖችም በመንግሥት እጅ ገቡ። ብዙ ቦታ ግን የመንግሥት የተባለው ደን ባለቤት የሌለው ሆኖ ቀረ። ጥበቃው በጣት የሚቆጠር ነው፤ መጥረቢያ ግን በየቤቱ አለ። ለእኔ ከዚያ ወዲህ የወጣ የደን ፖሊሲ ሁሉ የሚመዘነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ደኑ የማን ነው?

ለዚህ ጥያቄ ሁነኛ መልስ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ በኦሮሚያ የሚገኘው የአዳባ ዶዶላ ደን ነው። እዚያ በጀርመን ድጋፍ «ዋጂብ» የተባሉ የደን ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቋሙ። ስሌቱ ቀላል ነው። ለአንድ አባወራ 12 ሄክታር ደን ይታሰባል፤ አንድ ማኅበር ከ30 አባወራ በላይ አይይዝም። አባላቱ ከመንግሥት ጋር ይዋዋላሉ። በደኑ ይጠቀማሉ፣ ሌላ ሰው እንዳይገባበትም ይከለክላሉ፤ በምላሹ ደኑ እንዳይሳሳ ኃላፊነቱ የእነሱ ነው። አሁን ሌሊት ጥድ የሚቆርጥ ሰው ከመንግሥት ሳይሆን ከጎረቤቱ ላይ ነው የሚሰርቀው። ጎረቤት ደግሞ ዝም አይልም። ከ30ው ውጭ የቀሩት ሰዎች ጉዳይ ግን ከባድ ነው፤ እነሱም ማገዶና ግጦሽ ይፈልጋሉ።

ወላይታ ሁምቦ ላይ ደግሞ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ በማኅበራት ተከልሎ አገገመ። አብዛኛው ሥራ ችግኝ መትከል አልነበረም። አፈር ውስጥ የቀሩ ጉቶዎች ነፍስ ነበራቸው። ሲያቆጠቁጡ ጠንካራው ቀንበጥ ይተዋል፣ የተቀረው ይመለመላል። ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ ቶሎ ያድጋል።

ሕጉ ዘግይቶ ነው የደረሰው። የ1999ኙ አዋጅ ቁጥር 542 የሚያውቀው የመንግሥትንና የግል ደንን ብቻ ነበር። የማኅበረሰብና የማኅበር ደን እውቅና ያገኘው በ2010 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1065 ነው።

የካርቦን ገንዘብ፣ ማለትም ደን ባለመጨፍጨፉ ለቀነሰ የካርቦን ልቀት የሚከፈለው፣ የሚመጣው በዚህ ላይ ተደርቦ ነው። ኢትዮጵያ ባቀረበችው የመነሻ ስሌት መሠረት፣ ከ2000 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. በየዓመቱ 92 ሺህ ሄክታር ገደማ ደን ይጠፋ ነበር። የሚተካው 19 ሺህ ገደማ ነው። ከዚህ መነሻ የተቀነሰው ልቀት ተለክቶ ይከፈልበታል። በ2023 እ.ኤ.አ. ከዓለም ባንክ ጋር በተፈረመው ውል ኦሮሚያ ለ4 ሚሊዮን ቶን ቅነሳ እስከ 40 ሚሊዮን ዶላር ልታገኝ ትችላለች። ክፍያው የሚለቀቀው ግን ቅነሳው ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ከሰል ዛሬውኑ ይሸጣል። እስከዚያ ቤተሰቡን ደግፎ የሚያቆየው የደን ቡናና ማር ነው፤ ፖሊሲው ገበያና መንገድ ማሰብ ያለበትም ለእነዚህ ነው።