ድስት በማዕበል ላይ፦ በትንሽ የዓሣ ጀልባ ትኩስ ምግብ እንዴት ይበስላል

ዓሣ አጥማጅ ዓሣ አያጣም፤ ስለዚህ ምግብ አይቸግረውም ብለን እናስባለን። ባሕር ላይ የሚያድር አጥማጅ ግን የሚቸግረው ዓሣው ሳይሆን እሳቱ ነው። ወለሉ ለአፍታ እንኳ በማይረጋበት፣ ግድግዳው ከአንድ ክንድ በማይርቅበት፣ ከእግር ሥር የናፍጣ ታንከር ባለበት ቦታ ውሃ ማፍላት ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ትንሽ የዓሣ ጀልባ ስንል ርዝመቱ ከ15 ሜትር የማይበልጥ፣ ከሦስት እስከ ስድስት ሰው የሚሠራበትን ማለታችን ነው። እዚህ ላይ ኩሽና የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ የካቢኑ አንድ ጥግ ነው። አንድ ምድጃ፣ አንዲት የእጅ መታጠቢያ የምታክል ሳህን ማጠቢያ፣ ከግድግዳ የተጣበቀ ጠረጴዛ፣ አለቀ። አብሳዩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቢል የሰው አልጋ ላይ ይቀመጣል።

ሁሉም የዓሣ ጀልባ ምድጃ አለው ማለት አይደለም። ነገሩን የሚወስነው አዳር ነው። የሐዋሳ ሐይቅ አጥማጆች መረባቸውን አመሻሽ ላይ ጥለው ጠዋት ይሰበስባሉ። ትኩሱ የዓሣ ሾርባ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ነው የሚጠብቃቸው። ጣና ላይ ደግሞ በደንገል ታንኳ ላይ እሳት ማንደድ ጤነኛ ሰው የሚያስበው ነገር አይደለም። ታንኳው ራሱ ሣር ነው። ስለዚህ የእኛ ሐይቆች ቆሮሶና አምባዛ የሚበስሉት የብስ ላይ ነው።

ሰሜን ኖርዌይም ለብዙ ዘመን እንደዚያው ነበር። በሎፎተን ደሴቶች የክረምቱ የኮድ ዓሣ ወቅት ከጥር እስከ ሚያዝያ ይዘልቃል። ጀልባዎቹ ድሮ ክፍት ነበሩ፤ ጣሪያም ካቢንም የላቸውም። ሰዎቹ ቀኑን ከቤት በሳጥን ይዘውት የመጡትን ቀዝቃዛ ስንቅ ይበላሉ። ማታ ባሕሩ ዳር ወደተሠሩ ጎጆዎች ይገባሉ፤ ትኩስ ነገር የሚቀምሱት ያኔ ነው። የመጀመሪያዎቹን ጎጆዎች እ.ኤ.አ. በ1120 ገደማ ያሠራው ንጉሥ ኦይስታይን ነው ይባላል። የወቅቱ ትልቅ ገበታ የተቀቀለ ኮድ ከነጉበቱና ከነእንቁላሉ ነበር። ዛሬም ኖርዌይ ውስጥ ሰው በጉጉት የሚጠብቀው ምግብ ነው። በዚያ የፀሐይ ብርሃን በጠፋበት ክረምት ጉበቱ ቫይታሚን ዲ ይሰጣል፤ ሰዎቹ ስሙን ሳያውቁት ጥቅሙን ያገኙ ነበር።

እሳት ጀልባ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ የመጣው በአሸዋ ነው። በቀይ ባሕርና በፋርስ ባሕረ ሰላጤ፣ ሳንቡቅ በሚባሉት የእንጨት የሸራ ጀልባዎች ላይ ምድጃው አሸዋ ወይም አፈር የተሞላ የእንጨት ሣጥን ነበር። አሸዋው እንጨቱን ከእሳት ይጠብቀዋል። ሩዝና ዓሣው የሚበስለው፣ ቂጣው የሚጋገረው እዚያው ነው። ነገራችን ላይ፣ እኛ «ጀልባ» የምንለው ቃል የዚሁ የቀይ ባሕር ሰፈር ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1183 ወደ መካ የተጓዘው አንዳሉሳዊው ኢብን ጁበይር በአፍሪካ ዳርቻ ካለው የአይዛብ ወደብ ወደ ጅዳ የሚያሻግሩትን፣ ጣውላቸው በሚስማር ሳይሆን በገመድ የተሰፋ ጀልባዎች በዚሁ ስም ጽፏቸዋል።

ዛሬ በብዛት የሚታዩት ምድጃዎች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ የናፍጣና የጋዝ። በአላስካ፣ በምዕራብ ካናዳና በሰሜን አውሮፓ ቀዝቃዛ ውሃዎች ናፍጣው ይወደዳል። አሠራሩ ቀላል ነው። ነዳጁ ከላይ ካለ ትንሽ ታንከር በራሱ ክብደት ጠብ ጠብ እያለ ወደ አንድ የብረት ጎድጓዳ ይወርዳል፤ እዚያ ይነድዳል፤ ከላይ ያለው ወፍራም ብረት ይግላል። እስኪግል ትዕግሥት ይጠይቃል። አንዴ ከጋለ ግን ለቀናት አይጠፋም። ካቢኑን ያሞቃል፣ ጓንትና ካልሲ ያደርቃል፣ ማንቆርቆሪያው ሁልጊዜ እላዩ ላይ ነው። ሞተሩም የሚጠጣው ናፍጣ ስለሆነ ሌላ ነዳጅ መግዛት የለም። ክፉ ጠባዩ ከነፋስ ጋር ነው። ነፋሱ በጭስ ማውጫው ወደ ታች ከገባ ካቢኑ በጥላሸት ይጠቁራል፤ የተቀመጠውም ሰው አብሮ።

ጋዝ ፈጣን ነው፤ እንደ ቤት ምድጃ ክብሪት ብቻ ይበቃዋል። ችግሩ ሲያፈስ ነው። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ፕሮፔን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቡቴን ሁለት እጥፍ ገደማ። ቤት ውስጥ ቢያፈስ በር ከፍተን እናስወጣዋለን። ጀልባ ግን ከታች በር የለውም፤ እንደ ገበቴ ድፍን ነው። ጋዙ ወርዶ የጀልባው ሆድ ውስጥ ይተኛል። ከዚያ አንድ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ትበቃዋለች። ሲሊንደሩ ውጭ፣ ከደጅ የሚቀመጠው ለዚህ ነው። አብስሎ የጨረሰ ሰውም ምድጃውን ብቻ ሳይሆን ሲሊንደሩን ራሱን ይዘጋል።

ከፍንዳታው ይልቅ ዝም ብሎ የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሽታም ቀለምም የለውም። እኛ ሀገር ከሰል ቤት አስገብቶ በር ዘግቶ የተኛ ሰው ወሬ በየክረምቱ እንሰማለን፤ ነገሩ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2014 በሰሜን እንግሊዝ ዊትቢ ወደብ በቆመች ኤሽኮል በተባለች ትንሽ ጀልባ ላይ ሁለት አጥማጆች ተኝተው ሳሉ ሞቱ። ብርዱን ለመከላከል የጋዝ ምድጃውን የመጥበሻ እሳት ለኩሰው ነበር የተኙት። ባሕር ላይ እንኳ አልነበሩም፤ ወደብ ገብተዋል። ማብሰያ ምድጃ ማሞቂያ አይደለም የሚባለው እንዲህ ባለው ምክንያት ነው። የናፍጣው የሚለየው ጭሱን በቱቦ ወደ ውጭ ስለሚያወጣ ነው።

ድስቱን ምድጃው ላይ ማቆየትም አንድ ጣጣ ነው። በሸራ ጀልባዎች ላይ ምድጃው ራሱ በሁለት መዘውር ተንጠልጥሎ እንደ ጡት ልጅ አልጋ ይወዛወዛል፤ ጀልባው ሲያጋድል እሱ ቀጥ ይላል። የዓሣ ጀልባ ምድጃ ግን ከባድ ብረት ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ወለሉ ላይ የተቸነከረ ነው። በዙሪያው የብረት አጥር አለው። ከአጥሩ ላይ የሚንቀሳቀሱ መወርወሪያዎች መጥተው ድስቱን ግራና ቀኝ ይይዙታል። ሳህን የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ጠርዙ ከፍ ያለ ነው። ላዩ ላይ እርጥብ ጨርቅ ይነጠፋል፤ እርጥብ ጨርቅ ላይ ሳህን አይንሸራተትም።

ቀሪው በልምድ የሚመጣ ነው። ድስቱ ሰፊ ሳይሆን ጥልቅ ይሁን። ከግማሽ እምብዛም አይሙላ። ክዳኑ የሚቆለፍ ፕሬሸር ኩከር ካለ ደግሞ ከሁሉ ይመረጣል፤ ቢገለበጥ እንኳ ወጡ አይደፋም፣ ነዳጅም ይቆጥባል። በሞቃት ቀንም ቢሆን ባዶ እግርና ቁምጣ የለም። ብዙዎች የዝናቡን ሱሪና ቦት እንዳደረጉ ያበስላሉ፤ የፈላ ውሃ ቢደፋ ፕላስቲኩ ላይ ይወርዳል። ዘይት አግሎ መጥበስ ባሕሩ ሲረጋ ብቻ ነው። ዘይቱ እሳት ከያዘ ውሃ አይደፋበትም፤ ምድጃው ተዘግቶ እሳት ማፈኛ ብርድ ልብስ ይጣልበታል። ጥሩ ካፒቴንም ጀልባውን ከማዞሩ በፊት ወደ ታች ይጮሃል፤ አብሳዩ በሁለት እጁ ድስቱን እስኪይዝ ይጠብቃል።

ይህ ሁሉ ተደማምሮ ምን ዓይነት ምግብ እንደሚበላ ይወስናል። በየሀገሩ ያለው የጀልባ ምግብ ቢለያይም መልኩ ይመሳሰላል፤ አንድ ድስት፣ ወፈር ያለ መረቅ፣ ማንኪያ። ለእኔ ከሁሉ ጥሩው ምሳሌ የስፔን ባስኮች ማርሚታኮ ነው። «ማርሚታ» ድስት ነው፤ «ኮ» በባስክኛ እንደኛ «የ» ናት። ማርሚታኮ እንግዲህ «የድስት» ማለት ነው፤ ምኑ እንደሆነ ለመናገር እንኳ አልተቸገሩም።

እንደ በርሜዮ፣ ኦንዳሮዋና ጌታሪያ ያሉ ወደቦች ጀልባዎች በበጋ ወደ ቢስካይ ባሕረ ሰላጤ ይወጣሉ። የሚፈልጉት ቦኒቶ የሚሉትን፣ ሥጋው ነጣ ያለ ቱና ነው። በዘንግና በመንጠቆ አንድ በአንድ ያወጡታል። ጉዞው ቀናት ይፈጃል። ከወደብ የሚጫነው ድንች፣ ቀይ ሽንኩርት፣ የደረቀ ቃሪያ፣ ዘይት ነው፤ ማቀዝቀዣ የማያስፈልገው ነገር በሙሉ። ዓሣው ከባሕር ይመጣል።

መጀመሪያ ሽንኩርቱና ቃሪያው በዘይት ይቁላላል። ከዚያ የደረቀው ቀይ ቃሪያ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ ሥጋው በቢላ ተፍቆ ይገባል። በርበሬ ብሎ የሚጠብቅ ሐበሻ ቅር ሊለው ይችላል፤ ጣፈጥ ይላል እንጂ አያቃጥልም። ቀጥሎ ድንቹ ነው፤ እዚህ ላይ አንድ ዘዴ አለ። ድንቹ እስከ መጨረሻው አይከተፍም። ቢላው ግማሽ ድረስ ይገባና ቀሪው በእጅ ቀጭ ተደርጎ ይሰበራል። የተሰበረው ፊት ሻካራ ስለሆነ ስታርቹን መረቁ ውስጥ ይለቅቃል። መረቁ ይወፍራል። ወፍራም መረቅ ደግሞ እንደ ቀጭኑ በቀላሉ አይረጭም። ለጣዕም ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ማዕበሉም እጁ ያለበት ይመስለኛል።

ድንቹ ሲበስል ቱናው በትልልቁ ተቆርጦ ይገባል፤ ድስቱ ወዲያው ከእሳት ይወርዳል። አምስት ደቂቃ ተከድኖ ይቆያል፤ በራሱ ሙቀት ይበስላል። እሳት ላይ ከቆየ ይደርቅና እንደ ገመድ ይሆናል። ዛሬ ማርሚታኮ በየምግብ ቤቱ አለ፤ የበጋ በዓላት ላይ የድስት ውድድር ይደረግበታል። ቱናውን ቀድሞ የሚጨምር ሰው ግን አሁንም ይሰደባል።

የምግብ ውሃም በቁጠባ ነው። ከወደብ ርቆ ያለ ንጹሕ የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው አለው፤ ብቻውን ድንች ቢቀቀልበት አይበላም። አንድ እጅ የባሕር ውሃ በሁለት እጅ ንጹሕ ውሃ ከተቀላቀለ ግን ጨው መጨመር አያስፈልግም። ሳህን የሚታጠበው በባሕር ውሃ ነው፤ የመጨረሻዋ ማለቅለቂያ ብቻ ከታንከር ትቀዳለች።

ምድጃ የሌላቸውም ዘዴ አያጡም። አሜሪካ ሜይን ውስጥ ሎብስተር የሚያጠምዱ ሰዎች ምሳቸውን በፎይል ጠቅልለው የሞተሩ ጭስ ማውጫ ብረት ላይ ያስቀምጡታል፤ ወጥመዱን አንስተው እስኪጨርሱ ይሞቃል። የጃፓን ቦሶ ልሳነ ምድር አጥማጆች ደግሞ እሳቱን ከነጭራሹ ተዉት። ዓሣውን ጥሬውን ከሚሶና (ከተብላላ አኩሪ አተር የሚሠራ ጨዋማ ሊጥ ነው) ከሽንኩርት ጋር ከትፈው ይበሉታል፤ ክትፎ በሉት። ለምን በሚሶ? አኩሪ አተር ሶስ በሚናወጥ ጀልባ ላይ ይደፋል፣ ሚሶ ግን ሊጥ ነው ይላሉ።

ማን ያበስላል? ትንሽ ጀልባ ላይ አብሳይ ተብሎ ብቻውን የሚቀጠር የለም፤ መረብ የሚስበው ሰው ያበስላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ የሸራ ጀልባዎች ላይ ሥራው የታናሹ ልጅ ነበር፤ ገና ባሕሩን ሳይለምድ ድስት ይሰጡታል። ወጡ ካልጣመ ደግሞ ዱላ አይቀርለትም።

ማን ይከፍላል የሚለው ግን ዛሬም ያጨቃጭቃል። አጥማጆች ብዙ ጊዜ ደመወዝ የላቸውም፤ ከሽያጩ ድርሻ ይወስዳሉ። ነዳጅ፣ በረዶና ቀለብ መጀመሪያ ይቀነሳል፤ የተረፈው ይከፋፈላል። ስለዚህ ሥጋ የበዛበት ድስት የሁሉንም ኪስ ይነካል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣውና በ2017 ሥራ ላይ የዋለው የዓለም የሥራ ድርጅት 188ኛ ስምምነት ምግብና የመጠጥ ውሃ ባለቤቱ በነፃ ያቅርብ ይላል። ሆኖም የድርሻ ሥርዓቱን የሚገዛ የኅብረት ስምምነት ወይም የአጥማጁ የሥራ ውል እንዲህ ካለ እንደ ሥራ ወጪ ሊቀነስ እንደሚችል ፈቅዷል። ድርጅቱም ያለውን ልማድ ጨርሶ ሊያፈርሰው አልደፈረም።

የእንግሊዝ አጥማጆች የቆረሱትን ዳቦ ገልብጠው አያስቀምጡም፤ ዳቦው ከተገለበጠ ጀልባውም ይገለበጣል ይላሉ። ቡናቸውንም አይሞሉም። ኩባያው ግማሽ ድረስ ይቀዳል፤ የወደደ ይደግማል። የኛ ጀበና አንገቷ ጠባብ ስለሆነ መፍሰሱን ትችለው ነበር። ሸክላ መሆኗ ነው ጉዷ።