የምዕራቡ ዓለም የገንዘብ የበላይነትና አዳጊዎቹ ኢኮኖሚዎች

አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ ከቻይና የመኪና መለዋወጫ ሲያስመጣ ሻጩም ገዢውም አሜሪካዊ አይደሉም፤ ዕቃውም የአሜሪካን ወደብ አይረግጥም። ሒሳቡ ግን በዶላር ይጻፋል። ነጋዴው ኤል.ሲ. (ባንኩ ለሻጩ ክፍያውን የሚዋስበት ሰነድ) እስኪከፈትለት ባንክ ደጅ የሚጠናው ለዶላር ነው፤ ክፍያውም ብዙውን ጊዜ ኒው ዮርክ ባለ ባንክ ሒሳብ ውስጥ አልፎ ነው ሻጩ ዘንድ የሚደርሰው። የምዕራቡ ዓለም የገንዘብ የበላይነት የሚባለውን ለመረዳት ከዚህ መነሣት ይበቃል፦ ሌሎች እርስ በርሳቸው ሲገበያዩ እንኳ መንገዱ የሚያልፈው በእርሱ ግቢ ነው። እነ ቻይናና ሕንድን የመሳሰሉ አዳጊ ኢኮኖሚዎች ይህን የበላይነት ይበልጡታል ወይ? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው።

የግቢው ስፋት በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። የዓለም ማዕከላዊ ባንኮች ከሚይዙት የውጭ ምንዛሪ መጠባበቂያ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ዶላር ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ከ70 በመቶ በላይ የነበረው ድርሻው በ2024 ወደ 58 በመቶ ወርዷል። ዩሮ 20 በመቶ ገደማ ሲይዝ የቻይና ዩዋን ከ2 በመቶ እምብዛም አላለፈም። በየቀኑ ከሚካሄደው የምንዛሪ ግብይት ውስጥ ደግሞ ዶላር በአንዱ ወገን የማይገኝበት ከአሥሩ አንዱ ብቻ ነው። ባንኮች የክፍያ መልእክት የሚለዋወጡበት ስዊፍት መቀመጫው ቤልጂየም ነው። የዓለም ባንክን እስካሁን የመሩት አሜሪካ ያቀረበቻቸው ሰዎች ሲሆኑ የዓለም አቀፉን የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍን) የመሩት ሁሉ አውሮፓውያን ናቸው።

ከብሬተን ውድስ እስከ ጃካርታ

ሥርዓቱ የተዘረጋው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሳያበቃ፣ ሐምሌ 1944 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ብሬተን ውድስ በተካሄደ ጉባኤ ነው። ከተገኙት 44 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ከጣሊያን ወረራ ገና በወጣችበት ዘመን በዚያ ጠረጴዛ መቀመጧ ዛሬም ሊታወስ የሚገባው ነው። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆን ሜይናርድ ኬይንስ የማንም አገር ያልሆነ ዓለም አቀፍ መገበያያ እንዲፈጠር ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ተቀባይነት ግን አላገኘም። የጸናው የአሜሪካ ሐሳብ ነው፦ የሌሎች አገሮች ገንዘብ በዶላር ይተመናል፤ ዶላር ራሱ ደግሞ በ35 ዶላር አንድ ወቄት ወርቅ ሒሳብ ከወርቅ ጋር ይታሰራል። ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ነሐሴ 1971 እ.ኤ.አ. ዶላርን በወርቅ መመንዘር ሲያስቆሙ ብዙዎች የዶላር ዘመን አበቃለት ብለው ነበር። ዶላር ግን ወርቁ ሳይኖር ያው ዶላር ሆኖ ቀጠለ።

የአዳጊዎቹ አገሮች ቁጣ ከየት እንደመጣ ለማየት ከአንድ ፎቶግራፍ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ጥር 1998 እ.ኤ.አ. ጃካርታ ውስጥ የተነሣ ነው። የእስያ የገንዘብ ቀውስ የኢንዶኔዥያን ገንዘብ ሩፒያን ባንኮታኮተበት በዚያ ወር የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሱሃርቶ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሰው የብድር ስምምነት ይፈርማሉ። የአይኤምኤፍ ዋና ዳይሬክተር ሚሼል ካምዴሱ ከጎናቸው ቆመው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው፣ ቁልቁል ያዩአቸዋል። ሱሃርቶ አምባገነን ነበሩ፤ ሕዝባቸውም በዚያው ዓመት ከሥልጣን አወረዳቸው። ያም ሆኖ ያንን ፎቶ ያየ የእስያ የገንዘብ ሚኒስትር ሁሉ ከእንግዲህ እንዲህ ቆሞ የሚያየኝ አይኑር ብሎ የወሰነ ይመስላል። የቀጠናው አገሮች በቀጣዮቹ ዓመታት እንደ ጉድ መጠባበቂያ አከማቹ፤ ያከማቹት ግን በአብዛኛው ዶላርና የአሜሪካ ግምጃ ቤት ሰነድ፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት የሚበደርበት ወረቀት ነበር። ከዋሽንግተን ጥገኝነት ለመውጣት የተወሰደው እርምጃ ለዋሽንግተን ርካሽ ብድር ሆነላት።

ምርት ሌላ፣ ገንዘብ ሌላ

በምርት ከሆነ ጥያቄው ከሞላ ጎደል ተመልሷል። የኑሮ ዋጋ ልዩነት ታስቦ በመግዛት አቅም ሲለካ የቻይና ኢኮኖሚ የአሜሪካን ከበለጠ ዓመታት ተቆጥረዋል። ቻይናን፣ ሕንድን፣ ብራዚልንና ሩሲያን ያቀፈው የብሪክስ ቡድን አባል አገሮች ድርሻ በዚሁ መለኪያ ከዓለም ምርት ወደ 40 በመቶ ሲጠጋ የቡድን ሰባት አገሮች (አሜሪካ፣ ጃፓንና ሌሎች የምዕራብ ባለጸጎች) ከ30 በመቶ በታች ወርደዋል። በገበያ ምንዛሪ ሲለካ ግን አሜሪካ አሁንም ቻይናን በሰፊ ልዩነት ትመራለች። ሁለቱም አኃዞች እውነት ናቸው። ለብድር መክፈያ፣ ለነዳጅና ለመድኃኒት መግዣ የሚሠራው ሁለተኛው ስለሆነ ግን እኔ ሚዛኑን ለእርሱ እሰጣለሁ።

በምርት መብለጥ በገንዘብ ለመብለጥ እንደማይበቃ ታሪክ አሳይቷል። አሜሪካ በምርት ብሪታንያን ያለፈችው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። ማዕከላዊ ባንኳን ያቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ1913 ሲሆን ዶላር ፓውንድን ሙሉ በሙሉ ከዙፋኑ ያወረደው ከሁለት የዓለም ጦርነቶች በኋላ ነው።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ደግሞ ቅርቡ ምሳሌ ጠገራ ብር ነው። የኦስትሪያዋ ማርያ ቴሬዛ መልክ የታተመበት ይህ የብር ገንዘብ ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ከሞተች በኋላም ያንኑ ዓመት እንደያዘ መመታቱን ቀጠለ። ኦስትሪያ በየት በኩል እንዳለች የማያውቅ የእኛ ገበያተኛ ጠገራውን እያገላበጠ፣ የጌጧን ነጠብጣብ በጣቱ እየዳሰሰ፣ ድምፁን እያዳመጠ ይቀበለው ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 የራሳቸውን ብር በፓሪስ አስመቱ፤ የአድዋው ድል ጌታ ያስመቱት ገንዘብ እንኳ በገበያው ጠገራውን ሊተካ አልቻለም። ነጋዴው ጠገራውን የያዘው ነገ የሚቀበለው ሌላ ሰው እንደማያጣ ስላወቀ ነበር። ዛሬ በዶላር ላይ ያለው እምነትም የዚሁ ዘር ነው፤ ሁሉም የሚቀበለው ሁሉም ስለሚቀበለው ነው።

እምነቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደሆነ የ2008ቱ ቀውስ አሳየ። እሳቱ የተነሣው ከኒው ዮርክ ነው፤ ገንዘብ ግን ወደዚያው ወደ አሜሪካ ግምጃ ቤት ሰነድ ሸሸ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ለብራዚል፣ ለሜክሲኮ፣ ለደቡብ ኮሪያና ለሲንጋፖር ለእያንዳንዳቸው እስከ 30 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ፣ የራሳቸውን ገንዘብ ሰጥተው ዶላር የሚወስዱበት የምንዛሪ ልውውጥ መስመር ከፈተ። እሳቱን ያስነሣውም ውኃ ያቀረበውም አንድ ቤት ነበር።

አዳጊዎቹ የሠሩት

ብሪክ የሚለውን ስያሜ እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው የአሜሪካው ባንክ የጎልድማን ሳክስ ባልደረባ የነበረው ጂም ኦኔል ነው፤ ለባለሀብቶች የት ገንዘብ ቢያፈሱ እንደሚያዋጣ ለመጠቆም የተፈጠረ ስም ነበር። የብራዚል፣ የሩሲያ፣ የሕንድና የቻይና መሪዎች ስሙን ወስደው ሰኔ 2009 እ.ኤ.አ. በሩሲያዋ ከተማ የካተሪንበርግ የመጀመሪያውን የመሪዎች ጉባኤ አደረጉ። ደቡብ አፍሪካ ቀጥላ ስትገባ ስሙ ብሪክስ ሆነ። ነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ጆሃንስበርግ ላይ ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ኢራን፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ ሳዑዲ ዓረቢያና አርጀንቲና ተጋበዙ፤ አርጀንቲና መንግሥት ስትቀይር ግብዣውን መለሰች። ኢንዶኔዥያ በ2025 መጀመሪያ ተጨመረች።

ከጉባኤዎቹ መግለጫ ይልቅ ክብደት ያለው እ.ኤ.አ. በ2014 በብራዚሏ ፎርታሌዛ ላይ የተፈረመው ነው። መቀመጫው ሻንግሃይ የሆነው አዲሱ የልማት ባንክ 100 ቢሊዮን ዶላር የተፈቀደ ካፒታል ይዞ ተቋቋመ። አምስቱ መሥራቾች እኩል ድርሻ አላቸው፤ ማንም ብቻውን ውሳኔ መሻር አይችልም። በአይኤምኤፍ ዋና ዋና ውሳኔዎች 85 በመቶ ድምፅ ይጠይቃሉ፤ አሜሪካ ብቻዋን ከ16 በመቶ በላይ ስለያዘች ካልፈቀደች አይሆንም። ለአዳጊዎቹ ጥቂት ድምፅ የሚጨምረው የ2010 ማሻሻያ እንኳ የአሜሪካ ምክር ቤት እስኪያጸድቀው አምስት ዓመት ቆሟል። ይህን ግፍ ለማያውቅ ሰው የሻንግሃዩ ባንክ የእኩልነት ደንብ ተራ የጽሕፈት ጉዳይ ሊመስለው ይችላል፤ ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ነው።

ድክመቱም ያኔውኑ ተጽፎበታል። ከባንኩ ጋር የተፈረመው የአደጋ ጊዜ መጠባበቂያ ስምምነት 100 ቢሊዮን ዶላር ነው፤ 41ዱን ቢሊዮን የምታዋጣው ቻይና ናት። አንድ አባል ሲቸገር በነጻነት ማውጣት የሚችለው ከተመደበለት 30 በመቶውን ነው። የቀረውን ለማግኘት ከአይኤምኤፍ ጋር ፕሮግራም ሊኖረው ይገባል። ከአይኤምኤፍ ለመላቀቅ የተፈረመ ውል የአይኤምኤፍን ማኅተም ይጠይቃል ማለት ነው። አበዳሪ ሲሆኑ ቻይናም ሕንድም ስለ ገንዘባቸው መመለስ እንደ ማንኛውም አበዳሪ ይጨነቃሉ። ሩሲያ ዩክሬንን በወረረች ጊዜም ባንኩ መጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. በሩሲያ አዲስ ሥራ አቆመ፤ ገንዘብ የሚበደረው ከዓለም ገበያ ስለሆነ ማዕቀቡን ችላ ማለት አልቻለም። ሩሲያ ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች።

ከዚህ ውጭ የተሠራው ብዙ ነው። መቀመጫውን ቤጂንግ ያደረገው የእስያ መሠረተ ልማት ኢንቨስትመንት ባንክ በ2016 ሥራ ጀመረ፤ የአሜሪካን ቅሬታ ወደ ጎን ትታ ብሪታንያ ራሷ አባል ሆናለች። ቻይና በ2015 በዩዋን የሚሠራ የራሷን የክፍያ ሥርዓት ከፈተች። አርጀንቲና በ2023 የአይኤምኤፍን ዕዳ በከፊል በዩዋን ከፈለች። የሕንዱ ዩፒአይና የብራዚሉ ፒክስ የጎዳና ሻጭን ሳይቀር በስልክ እያስከፈሉ ነው፤ በአገር ውስጥ ክፍያ ፍጥነት ብዙ የምዕራብ አገሮች ገና አልደረሱባቸውም።

የት ላይ ይያዛል?

ሩሲያና ሕንድ የገጠማቸው ነገር መልሱን በግልጽ ያሳያል። ከ2022 ማዕቀብ በኋላ ሕንድ የሩሲያን ነዳጅ በገፍ ገዛች፤ ከፊሉም ሽያጭ በሕንድ ገንዘብ በሩፒ ነበር። በማግስቱ ዓመት የሩሲያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሰርጌይ ላቭሮቭ በሕንድ ባንኮች የተጠራቀመው በቢሊዮን የሚቆጠር ሩፒ መውጫ እንዳጣ በይፋ ተናገሩ። ሩሲያ ከሕንድ የምትገዛው ዕቃ ትንሽ ነው፤ ሩፒም ከሕንድ ውጭ እንደ ልብ አይመነዘርም። ገንዘብ መቀበል ቀላል ነው፤ ከባዱ ይዞት ማደሩ ነው።

ዩዋንም የሚያዘው እዚሁ ነው። ቻይና የካፒታል በሯን በከፊል ዘግታለች፤ አንድ ዜጋ በዓመት ወደ ውጭ ምንዛሪ መለወጥ የሚችለው እስከ 50 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ዩዋን ነው። መጠባበቂያ የሚይዝ አገር ግን የሚፈልገው በፈለገበት ቀን ሸጦ የሚወጣበትን ሰነድ ነው። ከዚያም በላይ ገንዘቡ በዓለም እንዲበተን ባለቤቱ ከሚሸጠው በላይ መግዛት ይኖርበታል፤ ቻይና ደግሞ በ2024 በዕቃ ንግድ ብቻ አንድ ትሪሊዮን ዶላር የሚጠጋ ትርፍ አስመዝግባለች። የቤጂንግ መሪዎች ፋብሪካቸውንና ቁጥጥራቸውን ከገንዘባቸው ክብር አስበልጠዋል፤ በእነርሱ ቦታ ሆኖ ለሚያስብ ምርጫው የሚያስኬድ ነው።

ምዕራቡም ቢሆን የያዘውን እምነት ራሱ እየሸረሸረ ነው። ከሩሲያ መጠባበቂያ ወደ 300 ቢሊዮን ዶላር የሚገመተው ሲታገድ፣ መልእክቱ ለሞስኮ ብቻ አልደረሰም። የዓለም ማዕከላዊ ባንኮች በ2022፣ በ2023ና በ2024 በየዓመቱ ከ1,000 ቶን በላይ ወርቅ ገዝተዋል። ወርቅ በራስ ካዝና የሚቀመጥ፣ ማንም በስልክ ትእዛዝ ሊያግደው የማይችል ሀብት ነው። ዶላር የሚያጣው ድርሻ ለአንድ ተተኪ ሳይሆን ለወርቅና ለብዙ ትናንሽ ገንዘቦች እየተከፋፈለ ነው። ለዚህም ነው «ይበልጡታል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ አይበልጡትም፣ ግን ያላሉታል የሚሆነው፤ ቢያንስ አሁን በሚታየው።

ኢትዮጵያ በሁለቱ መካከል

ኢትዮጵያ የብሪክስ አባል የሆነችው ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። በዚያው ወር ከምዕራብ ገበያ ለተበደረችው የአንድ ቢሊዮን ዶላር ቦንድ የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ብር በገበያ እንዲተመን ተወሰነ፤ ወዲያውም ከአይኤምኤፍ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራም ጸደቀ። ከ57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ የዘይትና የመድኃኒት ዋጋ ስንት እንደደረሰ የቤት እመቤቷ ታውቀዋለች። በዚሁ ሐምሌ ግን ከኤምሬቶች ጋር የ46 ቢሊዮን ብርና የ3 ቢሊዮን ድርሃም ልውውጥ ስምምነትም ተፈርሟል፤ ድርሃም ራሱ ከዶላር ጋር የታሰረ ገንዘብ መሆኑን ልብ ይሏል።

የመንግሥት አበዳሪዎች ከኢትዮጵያ ጋር የሚደራደሩበት ኮሚቴ ሁለት ሰብሳቢዎች አሉት፤ ፈረንሳይና ቻይና። እ.ኤ.አ. በ2025 አጋማሽ የዕዳ ሽግሽግ የመግባቢያ ሰነድ ሲፈረም ሁለቱም ከጠረጴዛው በአንድ ወገን ነበሩ።