ሁለተኛ ወጥቶ ፓርላማ መግባት፦ የመርተር ቲድፊል ሁለት ወንበሮች

በ1900 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በደቡብ ዌልስ፣ በመርተር ቲድፊል የምርጫ ክልል ዲ. ኤ. ቶማስ 8,598 ድምፅ አገኘ። የሠራተኞች እጩ የነበረው ኪር ሃርዲ 5,745፣ ፕሪቻርድ ሞርጋን ደግሞ 4,004። ሃርዲ ሁለተኛ ነው የወጣው፤ ግን ፓርላማ ገባ። ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መርተር በ1832 የምርጫ ክልል ሲሆን አንድ ወንበር ብቻ ነበረው። የ1867ቱ የምርጫ ማሻሻያ ሕግ ሁለተኛ ጨመረለት፤ ስለዚህ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ሁለቱም ይገቡ ነበር። ብዙ ሠራተኞችም የመምረጥ መብት ስላገኙ የመራጩ ቁጥር አስር እጥፍ ገደማ አደገ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ መራጭ ሁለት ድምፅ ነበረው። ሁለቱንም ለአንድ ሰው መስጠት አይቻልም ነበር። አንዱን ብቻ ሰጥቶ ሌላውን መተው ግን ይቻል ነበር።

እስቲ አንድ የሊበራል ፓርቲ ደጋፊ የከሰል ቆፋሪ አስቡ። የመጀመሪያውን ምልክት ለቶማስ ያደርጋል። ሁለተኛውስ? ሞርጋንም ሊበራል ነው፤ ግን ብሪታንያ በደቡብ አፍሪካ ያካሄደችውን የቦር ጦርነት ደግፏል። ሃርዲ ጦርነቱን አጥብቆ ተቃውሟል፤ እሱ ራሱም በልጅነቱ ከሰል ጉድጓድ የወረደ ሰው ነው። መራጩ ፓርቲውን ሳይከዳ ለሠራተኛው ወኪልም ድምፅ መስጠት ቻለ። ለእኔ የዚህ ደንብ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

በዚያ ምርጫ አዲሱ የሠራተኞች ውክልና ኮሚቴ (በኋላ ሌበር ፓርቲ የሆነው) ያስገባው ሁለት ሰው ብቻ ነበር። ሌላው ሪቻርድ ቤል ሲሆን፣ ያሸነፈባት ደርቢም ባለ ሁለት ወንበር ነበረች።

በ1918 ክልሉ መርተርና አበርዴር ተብሎ ተከፈለ፤ ለየራሳቸው አንዳንድ ወንበር ተሰጣቸው። ሃርዲ ይህን አላየም። እስከ ሞተበት እስከ 1915 ድረስ ግን የመርተር እንደራሴ ነበር።